የኒውክሌር ታጣቂ አገሮች ሲጋጩ ዜናውን እንዴት እንመዝን፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚከታተሉ አንባቢዎች

በደሴና በኮምቦልቻ የዓለምን ጦርነት የማይከታተል ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ፒያሳ ሻይ ቤት የተቀመጠው ወጣት፣ ከጅቡቲ ጭኖ በባቲ በኩል የገባው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ልጇ ዓረብ አገር ያለችባት እናት ሁሉም በስልካቸው ስለ ሚሳኤልና ስለ ድሮን ያነባሉ፣ ያያሉ። የጎደለው መከታተሉ ሳይሆን መመዘኑ ነው። አንድ ቀን «ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ» የሚል መልእክት ሰፈሩን ሁሉ ያስደነግጣል፤ በሳምንቱ ምንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ቀጣዩ ማስጠንቀቂያ፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ ሰሚ ያጣል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በትምህርት ቤት የውይይት ክበብም ሆነ በቤት ውስጥ ቡና ላይ እንዲህ ያለውን ዜና በሥርዓት መመርመር ለሚፈልግ ሰው ነው።

ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 በዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ስትከፍት የስንዴ፣ የምግብ ዘይት፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቀበ፤ የወሎ ገበሬ በዚያ ዓመት ለዩሪያ የከፈለው ገንዘብ ከዚያ ጦርነት ጋር የተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 2025 እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀናት ሲዋጉ፣ አሜሪካም በመጨረሻ ገብታ የኢራንን የኒውክሌር ተቋማት ስትደበድብ፣ የኢራን ሚሳኤሎች ኳታር ውስጥ ወደሚገኘው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ተተኩሰው ኳታር የአየር ክልሏን ለጊዜው ዘግታ ነበር። በዚያ አካባቢ የሚሠሩ የወሎ ልጆች ብዙ ናቸውና ያ ምሽት በብዙ ቤት እንቅልፍ ያልነበረበት ምሽት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ማስረገጥ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የኒውክሌር አደጋ የሚለካው በዛቻው ጩኸት አይደለም፤ ውሳኔ ሰጪዎቹ ለማሰብ በቀራቸው ጊዜ፣ እርስ በርስ ለመነጋገር በቀራቸው መንገድና ሳይዋረዱ ወደ ኋላ ለመመለስ በቀራቸው በር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ከዜናው ውስጥ ፈልጎ ማውጣት የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል።

ዜናው ሳይመጣ የሚደረግ ዝግጅት

ቀውስ ሲነሳ ከዜሮ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያው የቴሌግራም ቻናል ምርኮኛ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አንድ ደብተር ያዙ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ያላቸውን 9 አገሮች ጻፉ፤ እነሱም አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ፈረንሳይ፣ ብሪታንያ፣ ህንድ፣ ፓኪስታን፣ ሰሜን ኮሪያ፣ እንዲሁም መሣሪያው እንዳላት በይፋ አምናም ክዳም የማታውቀው እስራኤል ናቸው። በአጠቃላይ ያሏቸው አረሮች (በሚሳኤል ጫፍ ወይም በቦምብ ውስጥ የሚገጠሙት የኒውክሌር ፈንጂዎች) ወደ 12 ሺህ ይገመታሉ፤ ከ10 እጅ 9 የሚጠጋው የአሜሪካና የሩሲያ ነው። ኢራን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ኢራን ዩራኒየም የተባለውን የኒውክሌር ማዕድን እስከ 60 በመቶ አበልጽጋለች፣ ማለትም ለኒውክሌር የሚያገለግለውን ክፍል ድርሻ እስከዚያ ከፍ አድርጋለች፤ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚበቃ ሲሆን ለቦምብ የሚፈለገው 90 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ የኢራንን ጉዳይ በራሱ ገጽ ላይ ማስፈር ይሻላል።

ቀጥሎ ከነጠላ አገሮች ይልቅ ጥንዶችን መዝግቡ፤ ጦርነት የሚነሳው በሁለት ወገን መካከል ነውና። ህንድና ፓኪስታን፣ ሩሲያና ኔቶ (አሜሪካና አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ያሉበት የጦር ቃል ኪዳን)፣ አሜሪካና ቻይና በታይዋን ጉዳይ፣ ሰሜን ኮሪያና አሜሪካ፣ ህንድና ቻይና ለመነሻ ይበቃሉ። በየጥንዱ ሥር የሚያጣላቸውን ነገር፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ መሣሪያውን ቀድመው ስለመጠቀም የሚሉትንና ለክፉ ቀን ያላቸውን የመገናኛ መስመር አስፍሩ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ቦምብ ከሞከረችበት ጊዜ ጀምሮ ቀድማ እንደማትጠቀም ስትናገር ቆይታለች። ህንድም ተመሳሳይ አቋም አላት፤ ፓኪስታን ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገባችም። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ባወጣችው ሕግ ቀድሞ መምታትን ፈቅዳለች። ሩሲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ባሻሻለችው ሰነድ፣ ኒውክሌር የሌለው አገር በኒውክሌር ታጣቂ አገር ድጋፍ ጥቃት ቢሰነዝርባት የሁለቱ የጋራ ጥቃት አድርጋ እንደምትቆጥረው አስታውቃለች።

ምክንያቱን ከሰበቡ መለየት

ዜናው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ጀመረ?» የሚለው መሆን የለበትም። ያ ጥያቄ ወገንተኝነትን ይቀሰቅሳል እንጂ አደጋውን አያሳይም። ይልቁንም በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ረድፍ አስምሩና በአንዱ የዕለቱን ሰበብ፣ በሌላው ሥር የሰደደውን ምክንያት ጻፉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2025 በህንድ አስተዳደር ሥር ባለው ካሽሚር፣ ፓሃልጋም በተባለ ሥፍራ፣ ታጣቂዎች 26 ሰዎችን ገደሉ፤ ሜይ 7 ህንድ ፓኪስታንን በአየር መታች፤ ሁለቱ አገሮች በሚሳኤልና በድሮን ሲመታቱ ቆይተው ሜይ 10 ተኩስ አቆሙ። ይህ ሁሉ በሰበቡ ረድፍ ይገባል። በምክንያቱ ረድፍ የሚጻፈው ግን ሁለቱ አገሮች ከተመሠረቱበት ከ1947 ጀምሮ ያልተፈታው የካሽሚር ባለቤትነት ነው። ተኩሱ ስለቆመ ይህኛው ረድፍ አይሰረዝም፤ ቀጣዩን ሰበብ እየጠበቀ ይቀመጣል።

ሥር የሰደዱት ምክንያቶች ብዙ ዓይነት አይደሉም። የመሬት ይገባኛል ጥያቄ አንዱ ነው። ለወዳጅ አገር የተገባ የመከላከል ቃል ሌላው ሲሆን፣ ሁለት ኃያላን በቀጥታ ሳይጣሉ በወዳጆቻቸው በኩል እንዲጋጠሙ የሚያደርገው እሱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ፍርሃት ነው፤ «ነገ ከሚጠነክርብኝ ዛሬ ልምታው» የሚል ፍርሃት። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1981 ኦሲራክ የተባለውን የኢራቅን የኒውክሌር ማብላያ፣ በ2025 ደግሞ የኢራንን ተቋማት የደበደበችው በዚህ ስሌት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያው በሌለው ዘንድ ያለው ፍርሃት አለ፤ ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደብድበዋታል። በዚያው ጦርነት ጣሊያን የመርዝ ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተቀበለች አገር ሆና ሳለ ጋዙን በኢትዮጵያውያን ላይ አዘነበችው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተነሳው የዓለም ጦርነት ግን የአውሮፓ ኃያላን በጦር ሜዳ እርስ በርሳቸው ያንን ጋዝ አልተጠቀሙበትም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አጸፋውን መፍራታቸው ነበር። አንዳንድ መንግሥታት ሕዝባቸው እየተራበ እንኳ ቦምብ ለመሥራት የሚሯሯጡት ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ትምህርት እንወስዳለን ብለው ነው። ይህን ማስተዋል ቦምቡን መደገፍ አይደለም፤ የሚፈራውን ወገን ፍርሃት የማያውቅ ሰው ቀጣይ እርምጃውን መገመት ስለማይችል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለቱም ወገኖች ቦምብ ስላላቸው ትልቅ ጦርነት አይነሳም ብለው ሲያምኑ፣ ያ እምነት ራሱ ትንሽ ጦርነት ለመክፈት ያደፋፍራቸዋል። ህንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በሜይ 1998 የኒውክሌር ሙከራ አደረጉ፤ በዓመቱ ካርጊል በተባለው ተራራማ ሥፍራ ለሁለት ወራት ያህል ተዋጉ። ስለዚህ «ቦምብ ስላላቸው አይዋጉም» የሚል ተንታኝ ሲያጋጥማችሁ ካርጊልን አስታውሱት።

የእኛ የአፍሪካ ቀንድ ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥፍራ አለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት ሶቪየት ኅብረት ኢትዮጵያን ስትደግፍ በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል የነበረው መተማመን ሻከረ፤ የፕሬዚዳንት ካርተር የጸጥታ አማካሪ የነበሩት ዝቢግኒው ብሬዚንስኪም የሁለቱ ኃያላን የኒውክሌር መሣሪያ ቅነሳ ስምምነት በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል እስከ ማለት ደረሱ። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ቢፈረምም የአሜሪካ ሴኔት አላጸደቀውም። ይህን የማነሳው በአንድ ማዕዘን የሚነሳ ግጭት በሌላ ማዕዘን ያለውን የኒውክሌር ስምምነት እንዴት እንደሚነካ በደብተራችሁ ጠርዝ ላይ እንድትጽፉ ነው።

ዛቻን ከእንቅስቃሴ መለየት

ዛቻ ርካሽ ነው፤ መሣሪያ ማንቀሳቀስ ግን ውድና የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2022 ፕሬዚዳንት ፑቲን የአገራቸው የኒውክሌር ኃይል በልዩ የዝግጁነት ሁኔታ ላይ እንዲሆን በቴሌቪዥን ሲያዝዙ ዓለም ተርበደበደ። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ግን በቀጣዮቹ ቀናት በመሣሪያዎቹ አቀማመጥ ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳላዩ ገለጹ፤ የራሳቸውንም የዝግጁነት ደረጃ ሳይለውጡ ቀሩ። ከዚያም አልፈው በዚያው ሰሞን ሊያደርጉት የነበረውን ሚኒትማን የተባለ አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል ሙከራ በስህተት እንዳይተረጎም ሲሉ አራዘሙት። በስልካችን ላይ ሲዘዋወር የሰነበተው የፑቲን ንግግር ነበር፤ የሙከራውን መራዘም ግን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ስለ አደጋው የበለጠ የሚናገረው ግን ሁለተኛው ዜና ነበር።

ስለዚህ ዛቻ ስትሰሙ ንግግሩን በአንድ መስመር ብቻ መዝግቡና ከሥሩ ባዶ ቦታ ተዉለት። በቀጣዮቹ ቀናት በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የሚጻፈው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። አረሮች ከማከማቻቸው ወጡ የሚል በብዙ ወገን የተረጋገጠ ዘገባ አለ ወይ? የጦር አውሮፕላኖች ከተለመደው ሰፈራቸው ተበታትነዋል ወይ? ሰርጓጅ መርከቦች በብዛት ከወደብ ወጥተዋል ወይ? ኤምባሲዎች የሠራተኞቻቸውን ቤተሰቦች እያስወጡ ነው ወይ? የአየር ክልል ተዘግቷል ወይ? ከእነዚህ አንዱም ካልታየ ንግግሩ ለአገር ውስጥ ሕዝብ ወይም ለጠላት ወዳጆች የተላከ መልእክት ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። ከሁለት በላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከታዩ ግን ንግግሩ ለስላሳ ቢሆን እንኳ ነገሩን በቁም ነገር ያዙት።

የቀረው ጊዜ ስንት ነው?

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ላይ ነው። ከሩሲያ ወደ አሜሪካ የሚተኮስ አህጉር አቋራጭ ሚሳኤል 30 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰርጓጅ መርከብ በቅርብ ርቀት የሚተኮሰው ከዚያ ግማሽ ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላል። በህንድና በፓኪስታን መካከል ደግሞ ነገሩ የጥቂት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ማስጠንቀቂያው እስኪረጋገጥ፣ መሪው እስኪቀሰቀስና እስኪነገረው የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። ሐረጎን የሚወርድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ካልቀነሰ መሃል ላይ በፍሬን ብቻ መትረፍ እንደሚያዳግተው የኮምቦልቻ ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ ግጭትን የማብረድ ዕድልም የሚገኘው ከላይ፣ ሰዓታትና ቀናት በእጅ ባሉበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1962 የሆነውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ ሚሳኤል በመትከሏ አሜሪካ ደሴቲቱን በመርከብ ከባለች። በዚያን ቀን አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ኩባ ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ አብራሪው ሞተ። በዚያው ዕለት ቢ-59 የተባለች የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብን የከበቡ የአሜሪካ የጦር መርከቦች ወደ ላይ እንድትወጣ ለማስገደድ የምልክት ፈንጂ ወደ ባሕሩ ይጥሉ ነበር። ሰርጓጇ ከሞስኮ ጋር ግንኙነት አልነበራትም፤ ውስጧ በሙቀት ነዷል፤ አየሩ ታፍኗል፤ መርከበኞቹ ጦርነት ተጀምሮ እንደሆነና እንዳልሆነ አያውቁም። በውስጧ ደግሞ የኒውክሌር አረር የተገጠመለት ቶርፒዶ (በውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ መሣሪያ) ነበር፤ ከላይ ያሉት አሜሪካውያን ይህን አያውቁም። በኋላ ከወጡ ምስክርነቶች እንደምንረዳው አዛዡ ቶርፒዶው እንዲዘጋጅ ሲያዝዝ ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለ መኮንን አረጋግቶ አስቆመው፤ መርከቧም ወደ ላይ ወጣች። ዋሽንግተን ውስጥም ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለተመታው አውሮፕላን ወዲያው አጸፋ እንዲሰጥ የቀረበላቸውን ግፊት አልተቀበሉም። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ጊዜ ገዙ።

ሌላው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 የሆነው ነው። ከሞስኮ በስተደቡብ ባለ ምሽግ ውስጥ ተረኛ የነበረው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ከሳተላይት የመጣ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ በመጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ በጠቅላላው አምስት ሚሳኤሎች ከአሜሪካ ተተኩሰዋል ይላል። ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ሶቪየት ኅብረት 269 ሰዎች የተሳፈሩበትን የኮሪያ አውሮፕላን መትታ ጥላ ስለነበር በሁለቱ ወገን ጥርጣሬው ጣሪያ ነክቶ ነበር። ፔትሮቭ ግን እውነተኛ ጥቃት በአምስት ሚሳኤል ብቻ አይጀመርም፣ የምድር ራዳሩም አላረጋገጠውም ብሎ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ሲል አመለከተ። ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ የነጠረ የፀሐይ ብርሃን ሆኖ ተገኘ።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2022 ብራህሞስ የተባለ የህንድ ሚሳኤል በስህተት ተተኩሶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፓኪስታን ዘልቆ ሚያን ቻኑ በተባለ ከተማ አጠገብ ወደቀ። በሚሳኤሉ ላይ አረር አልነበረበትም፤ ሰውም አልሞተም። ህንድ በይፋ ስህተቱን ያመነችውና የተጸጸተችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ኋላም ሦስት መኮንኖችን አሰናበተች። ፓኪስታን ያን ዕለት አጸፋ አለመስጠቷ ሁለቱ አገሮች በዚያ ሳምንት በጸጥታ ላይ ስለነበሩ ይመስለኛል። ያው ሚሳኤል በሜይ 2025 የጦርነት ሰዓታት በስህተት ተተኩሶ ቢሆን ኖሮ ማን ስህተት ነው ብሎ ያምን ነበር? ስለዚህ በየዕለቱ ምዘናችሁ ውስጥ «ዛሬ አንድ ስህተት ቢፈጠር እንደ ስህተት ይታያል ወይስ እንደ ጥቃት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወደ ሁለተኛው ካዘነበለ፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስ አደጋው አድጓል።

መነጋገሪያው መንገድ ክፍት ነው ወይ?

በኩባው ቀውስ ጊዜ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ የላኩት ረጅም ደብዳቤ ዋሽንግተን ደርሶ እስኪፈታ ግማሽ ቀን ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በጁን 1963 ቀጥታ የመገናኛ መስመር ለመዘርጋት የተስማሙት። ቀውሱ ራሱ የተፈታውም አደባባይ ላይ በተነገረው ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ ኩባን እንደማትወር በይፋ ቃል ስትገባ፣ ቱርክ ውስጥ የተከለቻቸውን የራሷን ሚሳኤሎች እንደምታነሳ ደግሞ በምስጢር ተስማምታ ነበር። ይህ ለአንባቢ የሚሰጠው ትምህርት ትልቅ ነው። በአደባባይ ሁለቱም ሲፎክሩ በስተጀርባ መልእክተኛ ሊመላለስ ይችላልና፣ የኦማን፣ የኳታር፣ የቱርክ ወይም የስዊዘርላንድ ባለሥልጣን ወደ አንዱ ዋና ከተማ ሄደ የሚል አጭር ዜና ስታዩ ከመግለጫው ሁሉ አስቀድማችሁ መዝግቡት።

ህንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ጃንዩዋሪ 1 ቀን የኒውክሌር ተቋሞቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን እንዳይመታ ተስማምተዋልና። በጣም በተጣሉባቸው ዓመታት እንኳ ይህን አላቋረጡም። የሁለቱ ጦር ዘመቻ ኃላፊዎችም ቀጥታ ስልክ አላቸው፤ የሜይ 2025ቱ ተኩስ አቁም የታወጀው በዚያ መስመር ከተነጋገሩ በኋላ ነው። በ2019 ደግሞ ፓኪስታን አውሮፕላኑን መትታ የማረከችውን የህንድ አብራሪ በቀናት ውስጥ መልሳ ሰጠች፤ ይህም ለሁለቱም ድል አድርጎ የሚነገር መውጫ በር ሆነ። ህንድና ቻይናም እ.ኤ.አ. በጁን 2020 በጋልዋን ሸለቆ ተጋጭተው 20 የህንድ ወታደሮች ሲሞቱ የተደባደቡት በዱላና በድንጋይ ነበር፤ በድንበሩ መስመር አጠገብ የጦር መሣሪያ እንዳይተኮስ የተስማሙበት የ1996 ውል በዚያ ሁሉ ደም መሃል እንኳ ሠርቷል። መጠነኛ የሚመስል ውል የሚከበረውን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በጁን 2025 ኢራን ኳታር ውስጥ ያለውን ሰፈር ከመምታቷ በፊት አስቀድማ አሳውቃ ነበር፤ ሚሳኤሎቹ በአብዛኛው ከሸፉ፣ ሰው አልሞተም፣ በማግስቱ ተኩስ ቆመ። አስቀድሞ የተነገረ ጥቃት ለክብር የሚደረግ ጥቃት ነው፤ ሳይነገር የሚመጣና የአዛዦችን ወይም የራዳር ጣቢያዎችን ዓይን የሚያጠፋ ጥቃት ግን ሌላ ነው። የኋለኛው ተቀናቃኙን «ሳልጠፋ ልጠቀምበት» ወደሚል ስሌት ስለሚገፋው፣ የማስጠንቀቂያ ራዳር ወይም የኒውክሌር ማዘዣ ጣቢያ ተመታ የሚል የተረጋገጠ ዜና ከሺህ ዛቻ በላይ ሊያሳስባችሁ ይገባል።

እንዳለመታደል ሆኖ የመነጋገሪያው መንገድ እየጠበበ መጥቷል። የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን ያስወገደው የ1987 ስምምነት በ2019 ፈረሰ። አሜሪካና ሩሲያ በተጠንቀቅ የሚያቆሟቸውን አረሮች በ1,550 የወሰነው የ2010 ስምምነት ላይ ሩሲያ በ2023 ተሳትፎዋን አቋረጠች፤ የውሉም ዘመን የተራዘመው እስከ ፌብሩዋሪ 2026 ብቻ ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የተቆጣጣሪዎቹ መቅረት ነው፤ አንዱ የሌላውን ሰፈር ገብቶ ሲያይ የነበረው ዓይን ሲዘጋ ጥርጣሬው ይሰፋልና።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ከሰዓት በኋላ በፖላንድ ፕሼቮዱፍ መንደር አንድ ሚሳኤል ወድቆ ሁለት ሰዎች ገደለ። ፖላንድ የኔቶ አባል ናት፤ በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ የሚቆጥረው አንቀጽ 5 ይመለከታታል። አንድ ትልቅ የዜና ወኪል ስሙ ያልተገለጸ ባለሥልጣን ጠቅሶ ሚሳኤሉ የሩሲያ ነው አለ፤ ወሬው በደቂቃዎች ውስጥ ዓለምን ዞረ። በማግስቱ የፖላንድና የኔቶ መሪዎች ምናልባት የዩክሬን የአየር መከላከያ ሚሳኤል ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ፤ ወኪሉም ዘገባውን አረመ። በዚያች ሌሊት መሪዎቹ የታገሡትን ያህል እኛም መታገሥ አለብን።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ስልክና መብራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ያልተረጋገጠ ወሬ ሰውን የት የት እንዳደረሰው ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። በወሬ ብቻ ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ በወሬ ብቻ መውጣት ሲገባው የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከባድ ዜና ሲመጣ በመጀመሪያ የተነገረበትን ሰዓት አረጋግጡ። የውጭ ዜናዎች ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት ይጽፋሉ፤ 3 ሰዓት ጨምራችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት። 18:00 ሲል በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። የዛሬ የሚባለው ዜና የትናንት ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ በተቀናቃኝ ወገኖች ያሉ ሁለት ምንጮች አንድ ፍሬ ነገር ላይ መስማማታቸውን እዩ። ቪዲዮን ብቻውን አትመኑ፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ምስሎች እንደ እውነተኛ ውጊያ ተደጋግመው ተሰራጭተዋል።

በተለይ «የኒውክሌር ተቋም ተመታ» የሚለውን «የኒውክሌር ቦምብ ተጣለ» ከሚለው ለዩት። ዛፖሪዥያ የተባለው የዩክሬን ማመንጫ በአውሮፓ ትልቁ ሲሆን፣ ከማርች 2022 ጀምሮ በሩሲያ ጦር እጅ ሆኖ በአካባቢው ውጊያ ሲካሄድ ቆይቷል፤ አደጋው እውነተኛ ነው፤ ግን የቦምብ ፍንዳታ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የጨረር መጠን ጨምሯል ወይስ አልጨመረም የሚለውን ለማወቅ መቀመጫውን ቪየና ያደረገውን የዓለም አቀፉን የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መግለጫ ጠብቁ። በጁን 2025 የኢራን ተቋማት ሲመቱ ኤጀንሲው ከተቋማቱ ውጭ የጨረር ጭማሪ እንዳልታየ አስታውቆ ነበር፤ በስልክ ሲዘዋወር የነበረው ግን ሌላ ነበር።

ምዘናውን መጻፍና ለቤተሰብ ማስረዳት

በቀውስ ሰሞን በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ማታ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ምዘና ጻፉ። «ጦርነት ይነሳል» ወይም «አይነሳም» ብላችሁ አትደምድሙ። ከትናንት ይልቅ ጊዜው አጥሯል ወይስ ረዝሟል፣ መነጋገሪያው ጠብቧል ወይስ ሰፍቷል፣ መውጫ በሩ ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል ብላችሁ በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሱ፤ እያንዳንዱንም በዚያን ቀን በተረጋገጠ አንድ ክስተት አስደግፉት። በክበብ የምትሠሩ ከሆነ አንዱ አባል የአንዱን ወገን፣ ሌላው የተቀናቃኙን ፍርሃት እንዲያስረዳ መድቡ፤ በሳምንቱ ተቀያየሩ። የራሱን ወገን ብቻ የሚያስረዳ ሰው ጥሩ ደጋፊ ይሆናል እንጂ ጥሩ መዛኝ አይሆንም።

ትልልቅ ሰዎች ሲጠይቋችሁ በሚገባቸው መንገድ መልሱ። እናታችሁ «ልጄ፣ ያቺ ልጅ ያለችበት አገር ሊጠፋ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ብትላችሁ «እማዬ፣ ሚሳኤል የተተኮሰው ወደ ጦር ሰፈሩ ነው፤ እሷ ያለችበት ሰፈር ከዚያ ይርቃል፤ አገሩ ሰዉ ከቤት እንዳይወጣ አዟል፤ ማታ ደውለን እናገኛታለን» ማለት «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ከማለት ይሻላል። በእርግጥ ይህን ለማለት አስቀድማችሁ አድራሻዋን ማወቅ አለባችሁ።

ልጃችሁ ወይም እህታችሁ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ካለች ሰላም ሳለ የምትሠራበትን ከተማና ሰፈር፣ የአሠሪዋን ስልክ፣ የፓስፖርቷንና የመኖሪያ ፈቃዷን ፎቶ፣ በዚያ አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ ተቀብላችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ስልክ ሊጠፋ ይችላል። ኔትወርክ ቢቋረጥ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደገና እንደምትሞክሩ ተስማሙ። እሷም የምትኖርበት አገር የሲቪል መከላከያ በስልክ የሚልከውን ማስጠንቀቂያ እንድትከተል፣ የወደቀ የሚሳኤል ስብርባሪ እንዳትነካና እንዳትቀርጽ ንገሯት፤ በብዙዎቹ አገሮች ጥቃት የደረሰበትን ሥፍራ ቀርጾ ማሰራጨት ሊያስከስስ ይችላል። ወረቀቱን ከቤተሰቡ ሁለት ሰው ዘንድ በተለያየ ቤት አስቀምጡት።